አባት ይምታ

የትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ሰነፍ ተማሪ የሚያስገርፈው በአባቱ እጅ ነበር። ይህን ስናገር ሰሚዎቼ የተሳሳትኩ ይመስላቸውና ሊያርሙኝ ይሞክራሉ፤ "በአስተማሪ እጅ ማለትሽ ነው።" አይደለም። በአባቱ እጅ ነው ያልኩት። አባት ከሌለ በአጎቱ፣ አጎት ከሌለ በእናቱ።

ነገሩ ያለ ምክንያት አልተጀመረም። ከተማችን ከነቀምቴ በጭነት መኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነበረች፤ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ቀን። አስተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ከሩቅ የመጡ፣ የአገሩን ቋንቋ የማይሰሙ ወጣቶች ነበሩ። አንድ ጊዜ አንደኛው የሦስተኛ ክፍል ልጅ በማስመሪያ ፈነከተ። በማግስቱ የልጁ አባት በወይራ ዱላ የአስተማሪውን ክንድ ሰበረ። የአስተማሪው ጓደኞች ደግሞ የአባትየውን ወንድም ገበያ መሀል ይዘው ጥርሱን አረገፉት። ትምህርት ቤቱ ሁለት ሳምንት ተዘጋ። ያኔ ኮሚቴው ተሰበሰበና መላ መታ። አስተማሪ ቢመታ ደም የሚመልስ ይመጣል፤ አባት ልጁን ቢመታ ግን ማን ይመጣል?

"የገዛ እጁን የሚከስ የለም" አሉ ሊቀመንበሩ፤ በዚሁ ጸና። ከዚያ ወዲህ በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከየክፍሉ የመጨረሻዎቹ አምስት ልጆች ባንዲራው ሥር እየተጠሩ አሥር አሥር ጊዜ ይገረፉ ጀመር።

ሊቀመንበሩ ቀኛዝማች ነበሩ፤ ብዙ መሬት ያላቸው፣ ፊደል የማይለዩ፣ የሰሙትን ግን የማይረሱ ሰው። ኮሚቴውን የሰየመው ማዘጋጃ ቤቱ ሲሆን ሥራው የትምህርት ቤቱን ውጤት መቆጣጠር ነው። ውጤት ማለት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስንት ልጅ አለፈ? በየዓመቱ ከነቀምቴ ደብዳቤ ይመጣል። ቀኛዝማቹ ሕዝብ ሰብስበው ያስነብቡትና ሲያበቃ "ቢላስ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ የጎረቤታችንን ከተማ ማለታቸው ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ከመድረሴ በፊት ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቢላ በለጠን።

"ቢላ ልጅ አስተማረ" አሉ በሁለተኛው ዓመት፤ "እኛ ጥጃ አሰርን!"

በዚያው ዕለት በቀድሞው ላይ ሁለት ነገር ጨመሩ። አንደኛው፣ እጁ የሚሳሳ አባት ራሱ ይገረፋል። ሁለተኛው፣ ከስምንተኛ ክፍል በሦስተኛው ሩብ ዓመት ከመጨረሻዎቹ አምስት የገባ ሚኒስትሪ አይቀመጥም፤ ቁጥራችንን ያበላሻል።

ከዚያ በኋላ የሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሲቀርብ ከተማው ይከፋዋል። ልጆች ሱሪ ላይ ሱሪ ደርበው ይመጣሉ፤ ዘበኛው በር ላይ ያስወልቃቸዋል። ከልጁ ፊት ላለመቆም ጫካ የሚገባ አባት ነበረ፤ እሱንም ዘበኞች ሄደው እጁን የፊጥኝ አስረው ያመጡታል። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። በዋዜማው ዓርብ እናቶች ለሰንበሩ የሚቀባ እያሉ ስለሚሻሙት ቅቤዋ ከእኩለ ቀን በፊት ያልቅ ነበር።

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ያነበብኩት ሁሉ በወንጌል ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ትምህርት የተማርኩት ነው። ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ደብል መትቼ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አሥራ ዘጠኝ ሆኖኝ ነበር። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ስህተት ያስፈራዋል፤ ጊዜ የለውማ። የራሴን ስህተት ብቻ ሳይሆን የሌላውንም አልታገሥም ነበር። ልጆቹ "አዴ ላጲስ" ይሉኝ ነበር፤ አዴ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የሚጠሩበት ነው። ሲሉኝ አልስቅም። ባልስቅ ጊዜ የባሰ ይሉኛል።

የክፍላችን ኃላፊ አስተማሪ የነጥብ መዝገቡን፣ ሮስተር የምንለውን ትልቁን ሠንጠረዥ፣ ያጽፈኝ የነበረው ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። ቅዳሜም የሚገረፉትን ስም የማነበው እኔ ነበርኩ። ሁለት ሩብ ዓመት አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣ ዝቅተኛ ነጥብ አምጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ሥራ አልመሰለኝም። ልጅ ከፊቴ ሲገረፍ እኔ የሚቀጥለውን ስም በጣቴ ይዤ እጠብቃለሁ። ይህን የምጽፈው ኋላ የሆነውን ለማስተካከል አይደለም፤ እንዲያ ስለነበርኩ ነው።

በክፍላችን በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ። ዘመዳሞች አይደሉም። አንደኛ ክፍል የመዘገባቸው አስተማሪ የኦሮምኛ ስም መጻፍ ሲያቅተው ከራሱ የአማርኛ ስም ይሰጥ ነበር፤ ለልጁም፣ ለአባቱም። ያን ቀን ሰልፉ ረዝሞ ስም ያለቀበት ይመስለኛል። ሁለቱ ቤታቸው በሌላ በሌላ ስም ይጠራሉ፤ መዝገብ ላይ ግን አንድ ሰው ናቸው። ክፍሉ "አጭሯ" እና "ረጅሟ" ይላቸው ነበር። እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

አጭሯ ጎበዝ ነበረች። አባቷ ቡና በበቅሎ ጭኖ ነቀምቴ የሚያወርድ ሰው ነው፤ ከቤቱ ፊደል የቆጠረ የለም። ሚኒስትሪ እስክትቀመጥ ሊታገሣት ቃል ሰጥቷታል። ካለፈች ትቀጥላለች። ካልተቀመጠች ግን ሽማግሌ ልኮ የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ አለ፤ ለእሱ ይድራታል። ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር። ረጅሟ ደግሞ ትምህርት አልሆነላትም። አባቷ ጡረታ የወጣ አሥር አለቃ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለች ግራ ክንዷን ሰብሮት፣ ሳይጠገን ተጣሞ ቀርቷል። ያንንም ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

ስህተቴን ዛሬም ደረጃ በደረጃ ላስረዳ እችላለሁ። በሦስተኛው ሩብ ዓመት ሮስተሩን ጽፌ ስጨርስ ጥግ ላይ ቀለም ተንጠባጠበ። ማንም አያየውም ነበር። እኔ ግን አዲስ ወረቀት አስምሬ እንደገና ልገለብጥ ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩ አይቀር ሁለቱን ሞክሼዎች በአያት ስም ልለያቸው አልኩ። በአያት ስም ከሆነ ደግሞ በፊደል ተራ ረጅሟ መቅደም አለባት አልኩ፤ በአሮጌው ወረቀት ላይ የምትቀድመው አጭሯ ነበረች። ስለዚህ ስሞቹን አቀያየርኩ። ነጥቦቹን ግን ከአሮጌው ወረቀት በነበሩበት ተራ ገለበጥኳቸው። የአጭሯ ነጥብ በረጅሟ ስም፣ የረጅሟ ነጥብ በአጭሯ ስም ገባ። ድምሩን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። ድምሩ ልክ ነበር። አስተማሪው ሳያየው ፈረመበት።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ሞልቷል። የኮሚቴው አባላት ከቢሮ በወጡ ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል። ቀኛዝማቹ ጉማሬውን ከኮርቻቸው ኮሮጆ አስወጥተው ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ አለንጋ ነው፤ ሥሩ እንደ አውራ ጣት፣ ጫፉ እንደ ገለባ። ከትንንሾቹ ክፍሎች ተጀምሮ ወደኛ ሲደረስ ባንዲራው ሥር ያለው ሣር በሽንት ረጥቦ ነበር።

የመጀመሪያውን ስም አነበብኩ። የልጁ አባት ሁለቴ መታና እጁ ላላ።

"ሳሳህ!" አሉ ቀኛዝማቹ።

"ይማሩኝ ጌታዬ፤ ልጁ በወባ ከርሞ ነው።"

ቀኛዝማቹ ተነሥተው አለንጋውን ተቀበሉትና ሁለቴ ጀርባው ላይ አሳረፉበት። ጋቢው ለሁለት ተቀደደ። "አየህ? እንዲህ ነው። አሁን አንተ።" ሰዉ ሳቀ። ሰውዬው ዞሮ ልጁን ያዘው፤ የቀረውን ስምንት ማንም ሳሳ ሊለው አልቻለም። ልጁ ወድቆ በሆዱ ሲሳብ እየተከተለ መታው።

ሁለተኛውን ልጅ እናቱ መታችው፤ ባሏ ሞቷል። "ምነው አብረኸው በሄድክ! ምነው አብረኸው በሄድክ!" እያለች፣ በየምቱ አንድ ጊዜ።

ሦስተኛውን ስም ከነአባቱ አነበብኩ። ሁለት ልጃገረዶች ተነሡ።

"ማንኛዋ ናት?" አሉ ቀኛዝማቹ።

የአያቷን ስም ጨመርኩበት። ረጅሟ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ፊቷን አየሁት። ደስ ያለው ፊት አልነበረም፤ ወድቃ ሳለ ያልተጠራች ሰው ድንጋጤ ነው የነበረበት። አጭሯ ወጣች።

በቅሎ ጫኙ ከሰዉ መሀል መጣ። ከመንገድ ገና መግባቱ ነው፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

"ልጅህ ናት?"

"ናት ጌታዬ።"

"አምስተኛ ወጣችልኝ እያልክ ገበያ ለገበያ ስትፎክር ከረምክ አሉ።"

ሰዉ ሳቀ። ሰውዬው አብሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

"እንግዲህ ሚኒስትሪ አትቀመጥም። ምታ።"

"አባ፣ አልወደቅኩም" አለችው በኦሮምኛ።

"ተጽፏል፣ ኢንተሎ።" ልጄ ማለቱ ነው። "ተነቧል እኮ። የተጻፈ ይዋሻል?"

ሥራው አለንጋ የያዘ ሰው ነው። አልተቻኮለም፤ በቅሎ በሚመታበት ልክ፣ እጁን ከትከሻው በላይ ሳያነሣ፣ አንድ ቦታ ላይ መታት። እስከ አራተኛው ቀጥ ብላ ቆመች። በአምስተኛው "አልወደቅኩም!" ብላ ዞረችበት፤ አለንጋው በዞረው ፊቷ ላይ፣ ከጆሮዋ እስከ ከንፈሯ አረፈ። ከጆሮዋ ውስጥ ደም ወጥቶ በአንገቷ ወረደ። እጁ አየር ላይ ቆመ። ቀኛዝማቹ ከወንበራቸው ሊነሡ ሲያይ ስድስተኛውን ጨመረ።

እኔ የማየው ወረቀቱን ነበር። የረጅሟ ፊት አላስቀመጠኝም። በስሟ ትይዩ ሒሳብ ዘጠና አንድ ይላል። ረጅሟ ሒሳብ ዘጠና አንድ አታመጣም። የቀረውን ማንበብ አላስፈለገኝም።

ከጎኔ የቆመውን አስተማሪ እጅጌ ያዝኩ። "ስህተት አለ። ሁለቱን አቀያይሬአቸዋለሁ።"

"ዝም በይ" አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። "ፊርማዬ አለበት። ሰኞ እናስተካክለዋለን።"

"እየተመታች ነው እኮ።"

"ዝም በይ ብያለሁ! አንቺም ስምሽን ከዝርዝሩ ማስፋቅ ካላማረሽ።"

ሰባተኛው አረፈ። ከዚያ በፊት ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም። "ተዉ!" አልኩ። "ስህተቱ የኔ ነው! ልጅቷ አራተኛ ናት!"

ቀኛዝማቹ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

"ያነበብሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ።"

"የጻፈውስ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ማን አሳሳተሽ?"

"ማንም።"

ከኮሚቴው በደንብ ማንበብ የሚችለው ጉራጌው ባለሱቅ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በጣቱ መስመሩን ተከተለ። "እውነቷን ነው ጌታዬ" አለ። "ይቺን ልጅ አውቃታለሁ። ሱቄ ስትመጣ ድምር ስሳሳት የምታርመኝ እሷ ናት። እሷ ከወደቀች እኔ ሱቄን ልዝጋ።"

"እሺ። አራተኛ ከሆነች ትቀመጥ።" ቀኛዝማቹ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "የወደቀችውስ ማን ናት?"

አሥር አለቃው ክንዱን አጣምሮ ከፊት ቆሞ ነበር። አየሁት።

"የለም" አልኩ። "የዚህ ክፍል ወዳቂዎች አራት ብቻ ናቸው።"

በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ የማይረባው ያ ነው።

"ሃምሳ ልጅ ባለበት መጨረሻ አይጠፋም!" አሉ። "እስቲ ጅራት የሌለው ከብት አሳዪኝ!"

ሰዉ እንደገና ሳቀ። እኔ ወረቀቱን እንጂ ረጅሟን አላየሁም። ግን ሁለቱ ሞክሼ መሆናቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ዓይኑ ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል። ማንም ሳይጠራት ተነሣች፤ የተጣመመ ክንዷን በደህናው ይዛ ባንዲራው ሥር ሄዳ ቆመች።

አሥር አለቃው አለንጋውን አልተቀበለም። "መንግሥት የሰጠኝ አለ" አለና ባለ ናሱን ቀበቶ ፈታ። በናሱ በኩል ነው የመታት። አሥር ብሎ አልቆመም። ስትወድቅ በጫማው ጎኗን ረገጠ፤ ሲረግጥ "ለኔ! ለኔ ይሄን!" ይላል፤ ውርደቱ የእሱ እንጂ የእሷ አልነበረምና። ክንዷን ከሆዷ ሥር ደብቃ በግንባሯ ተደፋች። አላለቀሰችም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ እሳቸውም የኮሚቴ አባል ናቸው፣ ሊገላግሉ ሲገቡ በክርኑ አፍንጫቸውን መታቸው። አራት ሰው ተጋግዞ አወጣው። ልጅቷን በብርድ ልብስ አድርገው ወሰዷት።

በቅሎ ጫኙ አሁንም ጉማሬውን ይዞ እዚያው ቆሟል። ልጁ እግሩ ሥር ተቀምጣ ጆሮዋን በነጠላዋ ይዛለች።

"ጌታዬ" አለ ለቀኛዝማቹ። "እኔ የመታሁትስ?"

"ምኑ?"

"ያለ ጥፋቷ የመታሁት። ሰባት ነው። ማን ይመልስልኛል?"

ቀኛዝማቹ ተሰላችተው ነበር። "ልጅህ ናት፤ ምን ትጎዳለህ? ለሚቀጥለው ይታሰብላታል።"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አስተማሪዎቹም ሳቁ። ሰውዬው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ተራምዶ፣ ይህን ጊዜ እጁን ከትከሻው በላይ አንሥቶ፣ ቀኛዝማቹን ከባርኔጣቸው እስከ አንገታቸው አንድ ጊዜ ሞሸለቃቸው።

"ይኼም ለሚቀጥለው ይታሰብልኝ" አለ።

ዘበኞቹ በሰደፍ አንጥፈው ደበደቡት። ከደረቱ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። እግሩን ይዘው እየጎተቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። አጭሯ እየሮጠች ተከተለች።

ሰኞ ቀኛዝማቹ ሁለት ትእዛዝ ላኩ። ሰውዬው ነቀምቴ ወርዶ በፍርድ ቤት ይቀጣል። ልጁ ሚኒስትሪ አትቀመጥም፤ አራተኛም ትሁን አንደኛ። ሽማግሌ የላከው ጎልማሳ በዚያው ሳምንት ሌላ ሽማግሌ ላከ፤ አባት ታስሮ ቤት ሰው ሲያጣ እናቲቱ እንቢ ማለት እንደማትችል ያውቃል። ፈተናው ሊደርስ የቀረው ከአንድ ወር ያነሰ ነበር።

እኔ በየቀኑ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪው ሮስተሩን ለሌላ ሰጠ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የአጭሯን ባዶ ቦታ አያለሁ። አንድም ቀን ማንም "አንቺ ነሽ" አላለኝም፤ መናገር አላስፈለጋቸውም፤ እኔ ስቀመጥ ከአግዳሚው ይነሣሉ።

ሽማግሌዎች ቀኛዝማቹ ደጅ ሁለት ሳምንት ተመላለሱ፤ ባለሱቁና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዋናዎቹ ነበሩ። በመጨረሻ እርቅ ወረደ። በቅሎ ጫኙ ከጣቢያ ወጥቶ፣ ጎድኑ ሳይድን ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ "ይማሩኝ" አለ፤ ማሩት። ልጅቷ ትቀመጥ ዘንድ ግን ሌላ ነገር ጠየቁ። ባለሱቁ ቤታችን መጥቶ ለአክስቴ የነገራት እንዲህ ነው፤ "ይህን ሁሉ እሳት ያነደደችው ጸሐፊዋ ናት፤ ሕጉ ለሁሉ አንድ ነው፤ ወላጇ ታምጣትና ባንዲራው ሥር ትግረፋት ብለዋል። ሃያ ብለው ነበር። ለምነን አሥራ አምስት አደረግነው፣ አዴ።"

አክስቴ ቅቤ የነካ እጇን በቅጠል ስትጠርግ ቆየች። "እምቢ ብልስ?"

"ልጅቷ አትቀመጥም። አባትየው መድኃኒት አጥቶ ተኝቷል። እናቲቱ ለሰውዬው እሺ ልትል ነው።"

"ማል ጎና" አለች አክስቴ፤ ምን እናደርጋለን እንደ ማለት ነው። ወደ እኔ ዞረች። ትምህርት ስጀምር ሳቅ ያፈናት፣ አምስት ዓመት ሙሉ "አሁንስ አልበቃሽም?" ያለችኝ ሴት ናት። "ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"አንቺ ትችያለሽ" አለች፤ "እኔ ግን እንጃ።" ለባለሱቁ ግን "እመጣለሁ በላቸው" አለችው። "የሌላ ሰው እጅ አይነካትም።"

በቅዳሜው ሜዳው እንደገና ሞላ። ተማሪ የሚገረፍበት ቀን አልነበረም፤ እኔን ሊያዩ ነው የመጡት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሴት ሕዝብ ፊት ስትገረፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። አክስቴ ጉማሬውን ከቀኛዝማቹ እጅ ተቀበለች፤ ክብደቱን መዘነችው። ወደ እኔ ተጠግታ ነጠላዬን ከትከሻዬ ስታወርድ "ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ከወደቅሽ ከአንድ ይጀምሩታል።"

አልሳሳችም። ብትሳሳ የሚሆነውን ታውቃለች። የመጀመሪያው ሲያርፍ ያሰብኩት ሕመሙን አልነበረም፤ ለካ ድምፁን የሚሰማው ሌላው ነው፤ የሚገረፈው ሰው ድምፅ አይሰማም። በሦስተኛው ቀሚሴ ተከፈተ። ልቆጥር ሞከርኩ። ዘጠኝ ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ምላሴን ነክሼ አፌ ደም ሞላ። አንድ ጊዜ ጉልበቴ ሲከዳኝ አክስቴ በግራ እጇ ፀጉሬን ጨብጣ ይዛኝ በቀኟ መታችኝ። ያን ጊዜ ሰዉ "ጨካኝ!" ብሎ ጮኸባት። እኔ ግን እንዳልወድቅ እንደያዘችኝ አውቃለሁ።

ሲያልቅ ጉማሬውን ለቀኛዝማቹ መለሰች። "ቆጥረዋል ጌታዬ?"

"ቆጥሬአለሁ።"

"እንግዲያው የልጅቷን ስም ያስጽፉ። እዚሁ ሳለሁ።" ላቧን ጠርጋ ጨመረች፤ "በዚች በኔዋ እጅ ግን አያስጽፉ።"

ሰዉ ሳቀ። ቀኛዝማቹም ሳቁ። ባለሱቁ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ስሟን ጻፈ፤ ከነአያቷ።

ከሦስት ቀን በኋላ ተፈታኞቹ በጭነት መኪና ወደ ነቀምቴ ተነሣን። ከመጨረሻዎቹ አምስት ማንም አልነበረም። ልጆቹ በየጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ መቀመጥ፣ መደገፍም አልችልምና የጭነቱን ገመድ ይዤ ቆምኩ። መኪናው ሊነሣ ሲል አጭሯ መጣች። አባቷ በዱላ እየተመረኮዘ ሸኛት፤ ወደ እኔ አላየም። ጆሮዋ በጥጥ ተደፍኗል። ወጥታ ባዶ ቦታ እያለ ከጎኔ ቆመች፤ ያንኑ ገመድ ያዘች።

ጉቴ የምትባለው መንደር ደረስን። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ ጀርባዬ ከሳንቃው ተላተመና ጮህኩ።

"ስንት ነው የመታችሽ?" አለችኝ።

በዚያ ጆሮዋ እንደማትሰማ ገባኝና ዞሬ በሌላኛው በኩል ቆምኩ። "አሥራ አምስት።"

"እኔን ሰባት ነው።" ትንሽ አሰበች። "እንግዲህ በዚህ አንደኛ ወጣሽ።"

አጠገባችን የተቀመጡት ልጆች ሰምተው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሲስቁብኝ ስስቅ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ አልሳቀችም። ከንፈሯ ላይ ያለው ሰንበር ገና ቁስል ነበር፤ ብትስቅ ይከፈታል።

"ረጅሟስ?" አልኳት። "ሰምተሻል?"

"ትናንት ጊምቢ ወሰዷት፤ አክስቷ ዘንድ። ጎኗ ላይ በደንብ አትተነፍስም አሉ።"

መኪናው ዳገቱን ጀመረ። ነቀምቴ ከፊት መታየት ጀምራለች፤ ልጆቹ እየተነሡ በጣታቸው ይጠቁማሉ። አጭሯ ገመዱን ሳትለቅ ወደ እኔ ዞረች።

"ለኔ አንቺ ተመታሽልኝ" አለች። "ለሷስ ማን ይመታላታል? እሷ እኮ በስህተት አልተመታችም፤ እውነትም ወድቃ ነበር።"

መልስ ጠብቃ አየችኝ። ነጥቧን አውቀዋለሁ፤ አሮጌው ወረቀት ላይ በእጄ የጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ የደመርኩት ነው፤ ልክ ነበር። ነቀምቴ እስክንገባ በልቤ አራተኛ ጊዜ ደመርኩት።